የተጠማዘዘው ሽንብራ

ሐይቅ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዑምኩልሱም እንድሪስ
ሃይደራባድ፣ ሕንድ አገር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ያለሽበት አገር አየሩም ሰዉም ይመችሽ፤ ክፉ አይይሽ፣ ክፉም አትዪ። እኛ፣ ሐቢባም እኔም ላሟም፣ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በልጉ ቀረ። በሚያዝያ መጣሁ መጣሁ ብሎ ትንሽ አርከፈከፈና ጠፋ። እኛም ተታለን ማሽላውን ዘራን። ማሽላው በቀለ፤ ጥፋቱም መብቀሉ ነው። ይኸው ከጉልበት ሳያልፍ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል። ጠዋት ትንሽ ይፈታታል፣ ፀሐይ ጠንከር ስትል መልሶ ይጠቀለላል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ሐይቁ ነው። ከማሳው ዳር ቁጭ ብዬ ቁልቁል ሳየው ያ ሁሉ ውሃ ተንጣሎ ተኝቷል። ሽቅብ አይወጣ ነገር! የኔ ማሽላ ከላይ ያርራል፣ እሱ ከታች ያብረቀርቃል።

ባለፈው ደብዳቤሽ ሥራዬ ማሽላ በዕቃ ተክዬ፣ ውሃ ከልክዬ፣ ሲጠማ የሚሆነውን ማየት ነው ብለሽኛል። ለሐቢባ ባነብላት «ልጅቱን አገር ያሻገርናት ለዚህ ነው?» አለችኝ። የተጠማ ማሽላ ለማየት ሕንድ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል እንዴ? እዚህ በነፃ ሞልቷል፤ ነይና እዪ።

ነገር ግን ከዚያው ደብዳቤ አንዲት ነገር ልቤ ውስጥ ቀርታለች። ተክል ሲጠማ በውስጡ «በርህን ዝጋ» የሚል ነገር ይመነጫል፣ ስሙም ሆርሞን ነው ብለሻል። ለሀብተ ጊዮርጊስ ነገርኩት። መቼም አትረሽውም፤ ማሳው ከኛ ማሳ የሚዋሰነው፣ እሱ በሬውን ዳልቻን እኔ በሬዬን ቦራን አቀናጅተን የምናርሰው። እንደ ልማዱ ሳቀብኝ። «ሆርሞኑ ሲመጣ አስቀድመህ ራስህ ጠጣው፤ አንተም እኮ ደርቀሃል» አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር ቁም ነገር ማውራት አይቻልም።

ስለዚህ ኡሚ፣ ያንን ሆርሞን በትንሽ ብልቃጥ አድርገሽ በሰው እጅ ላኪልኝ። ለማሽላው ባይደርስ ለሽንብራው ይደርሳል። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም፤ ጫማም ሽቶም አልፈልግ።

አጎትሽ ሙዘይን አሊ


ሃይደራባድ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ሙዘይን አሊ

ወዐለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። የእርስዎንም የእትዬ ሐቢባንም ዕድሜ አላህ ያርዝምልኝ፤ ዝናቡንም በሰላም ያውርድልን። ደብዳቤዎን መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ፤ ደግሜ ሳነበው ግን አጥፌ አስቀመጥኩት። እዚህ ዝናቡ መንገዱን ሞልቶ አውቶቡስ ያስቆማል። እኔ ደግሞ ጣሪያ ሥር ያስቀመጥኩትን ማሽላ ጠብታ እንዳይነካው ስጠብቅ እውላለሁ። በእናንተ ላይ የወረደውን መከራ በገዛ እጄ እዚህ ስሠራው ደስ የሚለኝ እንዳይመስልዎ።

አሁን ስለ ሆርሞኑ። አጎቴ፣ እባክዎ ይህችን ገጽ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ሆርሞን የሚገዛ መድኃኒት አይደለም። ተክሉ ራሱ ሠርቶ፣ ከአንዱ አካሉ ወደ ሌላው የሚልከው መልእክት ነው። ቅጠል ላይ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ተክሉ አየር የሚያስገባው በነሱ ነው፤ ውሃው በትነት የሚያልቅበትም በነሱው ነው። መሬቱ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚያውቀው ሥሩ ነው። ያኔ ያ ሆርሞን ከሥሩም ከቅጠሉም ይመነጫል፤ ቀዳዳዎቹ ጋ ሲደርስ በየቀዳዳው ግራና ቀኝ ያሉት ከንፈሮች ውሃቸውን ያፈስሱና ይሟሽሻሉ፣ ቀዳዳውም ይዘጋል። ያለችው ውሃ ከውስጥ ትቀራለች። ይኸው ሆርሞን ሥሩንም እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች እንዲወርድ ያግዘዋል። ዘር ጎተራ ውስጥ ሳይበቅል ተኝቶ የሚከርመውም በሱ ነው። ማሽላዎ ይህን ሁሉ ያለ እኔም ያለ እርስዎም ያውቀዋል።

ታዲያ ለምን አልክልዎትም? እዚህ ያለችው ብልቃጥ ዱቄቷ ከጥፍር አይበልጥም፤ ብርሃን ሲያገኛት ኃይሏን ታጣለች፤ ማሳ ቀርቶ አንድ መደብ አታዳርስም። ብትበቃም እንኳ ይርጩ አልልዎትም። በሩን የዘጋ ቅጠል ውሃ አያወጣም፤ ግን አየርም አያስገባም። አየር ካላስገባ ምግቡን አይሠራም። ሱቁን ዘግቶ እንደተቀመጠ ነጋዴ ነው፤ ዕቃው አይሰረቅበትም፣ ግን ደግሞ አይሸጥለትም። ለጥቂት ጊዜ ያድነዋል፣ ሲረዝም በረሃብ ይገድለዋል።

የሚጠቅመው ዘሩ ነው። ሁሉም ማሽላ እኩል አይደለም። አንዱ መልእክቱን ቶሎ ሰምቶ ይዘጋል፣ ሌላው ውሃውን ጨርሶ ነው የሚነቃው። የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ብዙ የሚቆይም አለ። ማሳው ውስጥ ይግቡና እንዲህ ያለውን አገዳ ሲያገኙ ክር ያስሩበት፤ ለዘር ከሱ ይያዙ። ትልሙንም በየመሃሉ በአፈር ይዝጉት፣ የወረደችው ዝናብ እንዳትሸሽ። ይህን እንዲያደርጉልኝ ነው የምለምንዎ። እትዬ ሐቢባን ይሳሙልኝ፤ ለጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስም ሰላምታዬን ያድርሱ።

ልጅዎ ዑምኩልሱም


ሐይቅ፣ ኅዳር 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለዑምኩልሱም እንድሪስ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ይጠብቅሽ፣ ዕውቀትሽንም ለወገን የሚተርፍ ያድርግልሽ፤ እስካሁን ለኔ አልተረፈኝም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አራት ገጽ ነው፤ ስጨምቀው «አይሆንም» ነው የሚወጣው። ክር እሰር ብለሻል። እኔ ሙዘይን፣ ሸምገል ያልኩ ሰው፣ አገዳ ላይ ክር ሳስር ያየኝ ምን ይላል? «ጠንቋይ ቤት ደርሶ መጣ» ነው የሚለኝ። ለማንኛውም ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ቀረ፤ አጭደን ለከብት አደረግነው። ከላይ በኩል የዘራናት ጤፍ ደህና ናት። ሽንብራውን በክረምቱ መጨረሻ እርጥበቱን ተማምነን ዘራን፤ ዝናቡ መስከረም ሳያልቅ ተቆረጠ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከሁሉ ሥራሽ በፊት ይህን ፈጽሚልኝ። በትምህርት ቤትሽ ወረቀት፣ ማህተም ካለው በማህተሙ፣ «በድርቅ ጊዜ የሽንብራ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉም እንደ ክር ይቀጥናል፤ ይህም በትምህርት የታወቀ ነው» ብለሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን። የሀብተ ጊዮርጊስ ሽንብራ እንዲያ ሆነበት። የኔም እንዲሁ። ድርቅ ነው ስለው አይሰማም። «በስድሳ ስድስትም በሰባ ሰባትም ድርቅ አይቻለሁ፤ ሽንብራ ሲጨፍር ግን ያየሁት ዘንድሮ ነው» ይላል። ለሰው ሁሉ ያወራል።

ብዙ ጥያቄ እንዳታበዢብኝ። ወረቀቱን ብቻ ላኪ።

አጎትሽ ሙዘይን


ሃይደራባድ፣ ኅዳር 28 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ሙዘይን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ። ለመጪው ረመዳን አላህ በሰላም ያድርሰን፤ የእናንተንም ቤት ከጭንቅ ያውጣልኝ። የማሽላውን ነገር ሰምቼ አዝኛለሁ።

ብዙ ጥያቄ አታብዢ ብለውኛል። አንድ ብቻ ነው ያለኝ፤ ምን ረጩ?

አጎቴ፣ ድርቅ ሽንብራን ያጠወልጋል፣ ቢጫ ያደርገዋል፣ አበባውን ያረግፋል፣ ከታች ጀምሮ ያደርቀዋል። አያጠማዝዘውም። ግንዱን እንደ ገመድ የሚያከር፣ ቅጠሉን እንደ ክር የሚያቀጥን ሌላ ነገር ነው፤ እኔም እዚህ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ይንገሩኝ። ጉዳቱ የበረታው በእርስዎ ማሳ ነው ወይስ በጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ? በእሱ ማሳ ከእርስዎ ድንበር አጠገብ ብሶ፣ እየራቀ ሲሄድ እየቀለለ ይመጣል? ከላይ ያለችው ጤፍስ ምንም አልነካትም? እንዲያ ከሆነ ድርቅ አጥር ዘሎ በአንድ ወገን ብቻ አይገባም። ከማን ገዙት? ዕቃው ላይ ምን ተጽፏል? በምን ሰዓት፣ ነፋሱ በየት በኩል ሲነፍስ ረጩት?

የተቆጣሁ ከመሰለዎ አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ግን በደብዳቤዎ ውስጥ የሌለው ነገር ካለው ይበልጥ አስፈርቶኛል። ስለ ጤንነትዎ እንኳ አልጻፉም። ያ ነገር እጅዎን፣ ዓይንዎን ነክቶዎት እንደሆነስ? እውነቱን ሳልሰማ አንዲት መስመር አልጽፍም።

ልጅዎ ዑምኩልሱም


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ረመዳን ስለሆነና አፌም ስለደረቀ ቁጣዬን ቀነስ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ፤ ሌላ ወር ቢሆን ወረቀቱ ይቃጠል ነበር።

ፖሊስ ሆንሽ እንዴ? «ከማን ገዙ? በምን ሰዓት? ነፋሱ በየት በኩል?» ያሳደግኩሽ እንድትመረምሪኝ ነው?

እሺ። ረጨሁ። ማን አስረጨኝ? አንቺ! ሆርሞን የሚለውን ቃል ከማን ሰማሁት? ከሸህ ሀሚድ ነው? ከቄስ መልአኩ ነው? እኔ መሠረተ ትምህርት ያስነበበኝ ገበሬ ነኝ፤ ሆርሞን ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ሐይቅ ገበያ ላይ አንድ የመድኃኒት ነጋዴ ሸራ ዘርግቶ አገኘሁና «ሆርሞን አለህ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሆርሞን ታውቃለህ?» አለኝ።

«የወንድሜ ልጅ የምትሠራበት ነው» አልኩት። እንዴት ኮርቼ እንደተናገርኩት ብታዪኝ!

«እንግዲያማ ይኸው፣ ይሄ ሆርሞን ነው» ብሎ ከጀሪካን በለስላሳ ጠርሙስ ቀዳልኝ። ለሽንብራ ይሆናል ወይ ብለው ለሁሉም ይሆናል አለ። መርጫ ከሰው ተውሼ ከሰዓት በኋላ ረጨሁ። ነፋሱ ከሐይቁ ሽቅብ ይነፍስ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነውና ደስ አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሽንብራው አንገቱን ማጠማዘዝ ጀመረ። የኔም፣ የሱም። እጄም ዓይኔም ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው ሌላው ነው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በኛ በኩል ሸህ ሀሚድ፣ በነሱ በኩል ቄስ መልአኩ። «ረጭተሃል?» ቢሉኝ «አልረጨሁም» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። አሁን ቁርኣን ይዘህ ማል ተብያለሁ። እኛም ጾም፣ እነሱም ጾም፣ ዘንድሮ ገናና ዒድ ደግሞ ጎን ለጎን ሆነዋልና ነገሩ ለጥምቀት ማግሥት ተቀጠረ። ሀብተ ጊዮርጊስ ዳልቻን ፈትቶ ወስዷል። ቦራ ብቻውን ቆሟል። በአንድ በሬ የሚያርስ ሰው ታውቂያለሽ? የበጋው እርሻ ካመለጠ የማሽላው መሬት ጦሙን ነው የሚያድረው። የሱም መሬት እንደዚሁ፤ ግን ግትር ነው። ሐቢባ ለኢፍጣር ሾርባውን አስቀምጣልኝ ምንም ሳትናገር ትወጣለች።

ወረቀቱን ከላክሽ መማል አያስፈልገኝም፤ ወረቀቱ ይምልልኛል። ካልላክሽ እምላለሁ። ወንጀሉም ባንቺ ይሁን።

ሙዘይን አሊ


ሃይደራባድ፣ ጥር 5 ቀን 1992 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ ያገኙታል። አስቀድሜ ግን አይማሉ። አላህ ይሁንብዎ፣ አይማሉ።

ወረቀቱን አልጽፍም። በማህተምም ያለማህተምም አልጽፍም። አባቴ ሲሞት መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ ነው፤ እጁ ላይ አፈሩ ሳይለቅ እኔን ታቅፎ እንደነበር እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። እሱን በማህተም ውሸታም ላድርገው?

የረጩትን አሁን አውቄዋለሁ። ነጋዴው ስሙን አልዋሸም፤ ሆርሞን ነው፣ ይልቁንም የሆርሞን አምሳያ፣ ሰው የሠራው። ግን ሆርሞን ማለት አንድ ነገር አይደለም። መልእክት ነው ብዬዎታለሁ፤ መልእክት ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። እኔ የጻፍኩልዎ «ዝጋ፣ ቆጥብ፣ ታገስ» የሚለውን ነው። የገዙት «እደግ» የሚለውን ነው፣ ያውም ተክሉ ከሚሸከመው እጅግ በልጦ። የአረም መግደያ ነው። ጤፍና ማሽላ፣ የሣር ወገን የሆኑት፣ ይችሉታል። ሽንብራና ባቄላ፣ በርበሬም አይችሉትም። አንዱ ጎን ሲያድግ ሌላው ይቀራል፤ ይጠማዘዛል፣ ራሱን በራሱ ጨርሶ ይሞታል። ለተጠማ ተክል «እደግ! እደግ!» ብለው ጮኹበት አጎቴ። ነፋሱም ጩኸትዎን ለጎረቤት አደረሰው።

ቃሉን ወርውሬልዎ ቀሪውን በደንብ ያላስረዳሁት እኔ ነኝ፤ ድርሻዬን እወስዳለሁ። የእርስዎን ድርሻ ግን ልወስድልዎ አልችልም። «አላወቅሁም ነበር፣ ረጭቻለሁ» ማለት እኮ ከባድ አይደለም። ባለማወቅዎ ማንም አይፈርድብዎትም።

ያንን ሽንብራ ለከብት አይስጡ። ከጠርሙሱ የተረፈ ካለ ማንም አይንካው፤ ጠርሙሱንም ለሌላ ነገር እንዳትጠቀሙበት። መሬቱ አይጎዳም፤ ዝናብ ከመጣ ማሽላ ይዘሩበታል።

ሌላም አለ። በዚህ ዓመት ወደ አገር ቤት አልመጣም። ችግኝ የማሳድግበት የመስታወት ቤት ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ማሽላዎቼ ሁሉ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሙቀት ነደዱ፤ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀምሬዋለሁ። ይህን ሳልነግርዎ ብዙ ቆየሁ። እኔም እንግዲህ ያልጻፍኩት ነገር ነበረኝ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ዒዱን በሰላም አሳልፋችሁ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እትዬ ሐቢባን፣ ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስንም ከባለቤቱ ከእትዬ ሠርክአዲስ ጋር ሰላም ይበሉልኝ፣ ሰላምታዬን የሚቀበልዎ ከሆነ።

ዑምኩልሱም


ሐይቅ፣ መጋቢት 6 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለዑምኩልሱም

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። የሕንድ አገር ማሽላሽን አላህ ከፀሐዩም ከማሽኑም ይጠብቅልሽ። ቶሎ ባለመጻፌ አትቆጪ፤ ዘንድሮ ተቆጥተሽ ጨርሰሻል። የጥር ወር ደብዳቤሽ የደረሰኝ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አይማሉ ያልሽውን ሳልሰማ ነው የሄድኩት።

በጥምቀት ማግሥት ሸህ ሀሚድ ግቢ ተሰበሰብን። ውዱእ አድርጌ፣ ንጹሕ ለብሼ ሄድኩ። ቁርኣኑ በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። ሸህ ሀሚድ «ሙዘይን፣ ታውቀዋለህ አይደል የምትነካውን?» አሉኝ። «አውቀዋለሁ» አልኩ። ወላሂ ኡሚ፣ ልምል ነበር። እንዳልሰውርሽ ብዬ ነው። እጄን ዘረጋሁ።

«ተው!» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ። ከተቀመጠበት ተነስቷል። «አታስምሉት!»

ቄስ መልአኩ ተናደዱ። «ካላስማላችሁልኝ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ? በዓል አሳልፈን የተሰበሰብነው በማን ቃል ነው?»

«ብያለሁ። አልምልም ብሎ እምቢ የሚል መስሎኝ ነው ያልኩት። አሁን ሳየው ግን ሰውዬው ሊምል ነው! ሊምል እኮ ነው! እኔ ለሽንብራ ብዬ ሙዘይንን ጀሀነም አልከትም። ሽንብራው ይቅርብኝ» አለና ዘንጉን አንስቶ መንገድ ጀመረ።

ኡሚ፣ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ድርቁ አላናደደኝ፣ ነጋዴው አላናደደኝ፣ የዚህ ሰው ጀርባ ግን አቃጠለኝ። ሊከሰኝ ሲገባ ሊያድነኝ! ማን ለመነው? ከኋላው ጮህኩበት።

«ተመለስ! ረጭቻለሁ! ረጭቻለሁ ብያለሁ! አሁን ደስ አለህ?»

ቆመ። ዞሮ አየኝ። ይሳለቃል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ጠወለገ።

«ደስስ አላለኝም» አለ። «ድርቅ በሆነ ይሻለኝ ነበር።»

ቁጭ አልኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ ብዬ ብጽፍልሽ ለሰው ታወሪብኛለሽ፤ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ በይው። ሸህ ሀሚድ ቁርኣኑን ጠቅልለው ወደ ቤት አስገቡ። ሽማግሌዎቹ ከተረፈችው ጤፍ ለሀብተ ጊዮርጊስ ቤት እንድከፍል ፈረዱ። ሐቢባ ራሷ ጭና ወሰደችው። ከሠርክአዲስ ጋር ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀምጠው ሁለታችንን ሲያሙን ዋሉ፤ ስትመለስ አነጋገረችኝ። ያነጋገረችኝን ግን አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ሀብተ ጊዮርጊስ ዳልቻን እየነዳ ማሳ ላይ መጣ። ሰላም አላለኝም። ቀንበሩን አንስቶ በቦራና በዳልቻ ጫንቃ ላይ ጫነ፣ እኔም ሞፈሩን አሰርኩ፤ ማረስ ጀመርን። እኔን አያናግረኝም፤ በሬውን ያናግራል።

«ዳልቻ፣ ያንን ሰውዬ ማረሻውን ጫን አድርግ በለው» ይላል።

«ቦራ፣ ማረሻ መጫን የማውቀው አንተ ሳትወለድ ነው በልልኝ» እላለሁ።

«ዳልቻ፣ ድንጋዩን ሳያይ ሊሰብረው ነው።»

«ቦራ፣ ድንጋዩን አይቼዋለሁ።»

ማረሻው ድንጋዩ ላይ ተሰበረ። ከሁለቱም በሬዎች ጋር አብሬ ተሰደብኩ። ስንት ቀን እንዲህ አረስን መሰለሽ! በሬዎቹ ከኛ በላይ ተሰላቹ።

በመሃሉ ደብዳቤሽ ደረሰ። ከሐይቅ ፖስታ ቤት ተቀብዬ በቀጥታ ማሳው ላይ መጣሁ። እረፍት ላይ ሳለን፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሐይቁን ያያል፤ እኔ ለቦራ እንደማነብ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። አንቺ ስለኔ የጻፍሽውን አንድም ሳልዘልል፣ የመቃብሩንም ነገር። ለተጠማ ተክል እደግ ብለው ጮኹበት የሚለው ጋ ስደርስ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰ መሰለኝ። ለካ ሲስቅ ነው።

ስጨርስ ሳይዞር፣

«እና ያ ዝጋ የሚለው፣ ዝናቡ ሲመጣ ምን ይሆናል? ክፈት የሚለው ማነው? ሌላ ነው፣ ወይስ ያው ራሱ ዞር ይላል?» አለ።

«እሱን አልጻፈችም» አልኩት። ከተናገርኩ በኋላ ነው የጠየቀው በሬውን ሳይሆን እኔን መሆኑ የገባኝ።

«እንዴት አልጠየቅሃትም?»

«ሽንብራ ሳጠማዝዝ ጊዜ አጣሁ።»

«አይ ሙዘይን!» አለ ዞሮ። «የሚጠየቀውን ትተህ የማይጠየቀውን ስትጠይቅ ኖርክ። በል ጻፍላት።»

ይኸው እየጻፍኩ ነው። እሱም ዘንጉን ተደግፎ ራሴ ላይ ቆሟል፤ «ጻፍከው? አሳየኝ» እያለ ያደርቀኛል። ጽፌዋለሁ ብለው አያምነኝም፤ ማመኑንስ ከየት ያምጣው። ደግሞ የሱ ቀይ ማሽላ ነው ከኔ ጅጉርቴ ማሽላ ይልቅ ቶሎ የሚዘጋው ብሎ ይከራከራል። አይቶት እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ ግን ክሩን ሊያስር እሱ ነው ፊት የቆመው። እንግዲህ ሰው ጠንቋይ ቤት ሄዱ ካለም ሁለታችንንም ይበል።

ሰማዩ ዛሬም ጥርት ያለ ነው፤ ዳመና የሚባል የለም። መሬቱን ግን አርሰን ጨርሰናል። መልሱን ቶሎ ጻፊልን።

አጎትሽ ሙዘይን አሊ